በፍልሰታ የተደበቀ መርዶ

ደብረ ኤልያስ፣ ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት ቤት ሳቅ ከጠፋ ሁለት ክረምት አልፏል። መሪጌታ አንዲት ልጃቸውን ዜማን፣ «ጭኗን አጋልጣ በአደባባይ የምትሮጥ ልጅ የለችኝም! ደጄን እንዳትረግጪ!» ብለው በግዝት ከቤት አስወጥተዋታል። ዜማ እያለቀሰች ደብረ ማርቆስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ ተመለሰች፤ ሩጫውን ግን አልተወችም። ከሁሉ የተቃጠሉት እናቲቱ ወይዘሮ አሰገደች ነበሩ። ባላቸውን እንዳያስቀይሙ፣ ልጃቸውንም እንዳይጥሉ፣ ገበያተኛ እየለመኑ በስውር ስንቅ ይልኩላት ነበር።

በዚያ ክረምት ዜማ ለዓለም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጨዋታ በአሥር ሺህ ሜትር ተመረጠች። አይ ዕድል! እሷ ባሕር ከተሻገረች በኋላ መሪጌታን ጉበታቸው ጣላቸው። የፍልሰታ ሱባኤ ገብቶ ደቀ መዛሙርቱ ማኅሌት ሲቆሙ እሳቸው ከአልጋ ቀሩ።

«አሰገደች… ልጄን ጥሪልኝ። ግዝቴን ልፍታላት» አሉ።

ስልኩ እኮ በወይዘሮ አሰገደች እጅ ነበር! ግን ያን የደከመ ድምፅ ብትሰማ ዜማ ውድድሩን ጥላ እንደምትመጣ ያውቃሉ። ከቤት የተባረረችበት ሩጫ በዋዜማው ይቅርባት? ነገ ሮጣ ስትጨርስ ላገናኛቸው፣ ብለው ዋሹ።

«ከአዲስ አበባ ተነስታ መንገድ ላይ ናት፣ መሪጌታ።»

«ዓባይን ተሻገረች?»

«ተሻግራለች። ደጀን ደርሳለች።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ፣ ሲነጋጋ አረፉ።

ከቀብር መልስ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ አሰገደች ለቀስተኛውን በእጃቸው ዝም አሰኙ።

«እማ! ሁለተኛ ወጣሁ! መጨረሻው ዙር ላይ እግሬ ከድቶኝ ነበር። አባባ ‹በርቺ› ያሉኝ መሰለኝና ከፊቴ የነበሩትን ሁለቱን አልፌያቸው ገባሁ። እባክሽ ስልኩን ስጫቸው፣ ዛሬ እንኳ ያናግሩኝ!»

እናት ነጠላቸውን ነከሱ። «አባትሽ… ሱባኤ ገብተዋል፣ ልጄ።»

ዜማ ሜዳሊያዋን ይዛ ስትመጣ ደጃፉ በሰው ተሞልቶ፣ እናቷ ጥቁር ለብሰው ጠበቋት። መርዶው ተነገራት። ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ተንከባለለች። ልቅሶው ረገብ ሲል ወይዘሮ አሰገደች አልደበቁም።

«ጠርተውሽ ነበር። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። ሩጫሽ እንዳይቀርብሽ ብዬ…»

«ሩጫውን ማን ፈለገው፣ እማ? እኔ እኮ የምሮጠው አንድ ቀን ‹ልጄ› እንዲሉኝ ነበር!»

ወይዘሮ አሰገደች ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንስተው በጫንቃቸው ተሸከሙና ከልጃቸው እግር ሥር ወደቁ። እናት ለልጇ! ለቀስተኛው በድንጋጤ አፉን ያዘ። ዜማ ድንጋዩን ነጥቃ ወረወረችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«ተነሺ፣ እማዬ… አንቺንም ልጣሽ እንዴ?»

ተቃቅፈው አለቀሱ። በማን ይፈረድ ይሆን? ባል ከሞት አፋፍ፣ ልጅ ከሩጫ መነሻ ሆነው ልቧን በአንድ ጊዜ ሲጎትቱት፣ አንዲት ሴት ወዴት ትሂድ? ወዴትስ ብትሄድ ከዕንባ ታመልጥ ነበር…?