የነሐሴ ሳል

ግራዝማች ተሻገር ሞተው የተገኙት በ፲፱፻፲፩ ዓመተ ምሕረት በኅዳር መገባደጃ፣ በሽታው ሊለቀን ነው ብሎ ሰው እፎይ ማለት በጀመረበት ሰሞን ነበር። ከአርብ ገበያ በላይ ባለችው በዚያች የታች ጋይንት መንደር በዚያ ወር ሞት ብርቅ አልነበረም፤ ቀባሪ ጠፍቶ ባልና ሚስት ባንድ ጉድጓድ የገቡበት ቀን ነበር። የግራዝማች ሞት ግን አነጋገረ። ታመው ቢሰነብቱም ትኩሳቱ ለቋቸው፣ በዋዜማው ማታ ገንፎ በልተው፣ ነገ አጨዳውን ወጥቼ አያለሁ ብለው ነበር የተኙት።

ከመጀመሪያ ሚስታቸው የተወለደው አዱኛ እንጀራ እናቱን ሐረገ ወይንን በመርዝ ገዳይነት ከሰሳት። ዳኛው ባላምባራስ አድማሱ ከደብረ ታቦር ተልከው በታኅሣሥ ሲደርሱ፣ ከሳሽና ተከሳሽ እንደ ደንቡ ተቆራኝተው፣ የእሱ ቀኝ እጅ ከእሷ ግራ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሮ፣ ከሟቹ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ፊት ለፊት አይተያዩም። አንዱ ሲነሳ ሌላው መነሳቱ ግድ ቢሆንም ለዚያ እንኳ አይነጋገሩም፤ ሰንሰለቱን ይጎትታሉ። ጡት ያልጣለውን ልጇን የቤቱ ሠራተኛ ፈትለወርቅ እያመጣች ታሳቅፋታለች፤ ልጁ በጠባ ቁጥር አዱኛ ዓይኑን ወደ ተራራው ይሰድዳል። ከተፈረደባት የአባቱ ደም መላሽ እሱ ነው፤ እንዲገድላት የምትሰጠው ለእሱ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

መንደሩም ዳኛውን አልወደዳቸውም። የእሳቸው መምጣት አውጫጭኝ ይጠራል ማለት ነው፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ሰው ሁሉ ከመስክ ተሰብስቦ ይውላል፣ የደረሰ ገብስ ይረግፋል። ማደሪያ የሰጧቸው መሪጌታ ወልደ ሰንበት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የሰጡት ቶሎ እንዲሄዱ በመመኘት ነው።

ባላምባራስ ድምፃቸውን የማያነሱ፣ ሰው ሲናገር ከፊቱ ይልቅ እጁን የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ የጠየቁት የተቆራኙትን ሁለቱን ነው፤ ለየብቻ መጠየቅ አይቻልምና።

«ማን ነው የገነዛቸው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ሐረገ ወይን። «በዚህ በሽታ የሞተ አይታጠብም፣ በተኛበት ቁርበት ጠቅልላችሁ ቅበሩ ሲሉኝ እንቢ አልሁ።»

«ማን ነው እንዲያ ያለው?»

«ሁሉም። ከሁሉ በፊት ግን ወንድማቸው አያ አበጀ።»

«ሲያጥቧቸው ምን አዩ?»

«በሽታው የገደለው ሰው ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ጥፍሩ ይበልዛል። ካፉም ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል። የእሳቸው ከንፈርና ጥፍር ግን ቀይ ነበር። ከጤነኛ ሰው የበለጠ ቀይ።»

«ሰምተዋል አይደል?» አለ አዱኛ። «መርዟን በገዛ አፏ ትመሰክራለች።»

«መርዝ ያበላ ሰው ይህን ለአገር ያወራል?» አሉ ዳኛው።

«ሞኝ ከሆነ ያወራል።»

ሐረገ ወይን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረች። «መርዝ ቢኖረኝ ላንተ ነበር የምሰጥህ። ኅዳርን ሙሉ አጥሚት ከማን እጅ ስትጠጣ ከረምህ?»

ዳኛው የአዱኛን እጅ አዩ፤ ጥፍሮቹ ሥር ጥቁረቱ ገና አልለቀቀም። አሁንም የሚቆመው በምርኩዝ ነበር። አባቱ በሞቱበት ሌሊት ተሸክመው ካላወጡት በቀር ከደጅ የማይደርስ ሰው እንደነበር ጎረቤት ሁሉ መሰከረ።

ከዚያ በኋላ ባላምባራስ ሰው ያልጠበቀውን ነገር መጠየቅ ጀመሩ። በየቤቱ እየገቡ በነሐሴ ሳል ይዞት የነበረው ማን እንደሆነ፣ በኅዳርስ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ጠየቁ። በነሐሴ፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ቀላል ጉንፋን መንደሩን ነካክቶት ነበር፤ ሰውን ጥቂት ቀን አስሎ ከመተዉ በቀር የገደለው የለም። ጥያቄው ሰውን አናደደ። ሦስት ልጆች የቀበረች አንዲት ሴት፣ የሞትነው ሳያንስ ስለ ሳላችን ልንመረመር ነው ወይ ብላ በሩን ዘጋችባቸው። እሳቸው ከደጅ ቆመው ጥያቄውን ደገሙላት፤ ከውስጥ ሆና መለሰችላቸው።

በዚሁ መሃል ስለ ሟቹም ብዙ ሰሙ፤ ደግ ነገር የተናገረ ግን ጥቂት ነው። ግራዝማች የመንደሩ ጭቃ ሹም ስለነበሩ በሽታው እንዳይገባ ብለው መንገዱን በእሾህ አሳጥረው ዘበኛ አቁመው ነበር። የገዛ ወንድማቸው የአበጀ ልጅ ማሚቴ ከአክስቷ ቤት ከንፋስ መውጫ ታማ ስትመጣ፣ ከአጥሩ ማዶ ቀርታ እዚያው ሞታለች። በሽታው ግን በሌላ በኩል ገባ።

አበጀን ያገኙት ከአውድማው ላይ ነው። በሬዎቹን ሳያቆም በትሕትና ተቀበላቸው።

«ባላምባራስ፣ ልጁ ሐዘን አሳብዶት ነው፤ መርዝ የሚባል ነገር የለም» አለ። «ወንድሜን በሽታው ገደለው። ሴቶቹም አያያዙን አላወቁበትም። ካልጋው ሥር ዶሮ እያቀፈች ሕመምተኛ ይተኛል?»

«አንተስ ለምን አላስታመምኸውም?»

«ሽማግሌዎቹ በነሐሴ ያሳለ ብቻ ይግባ ብለው ደንግገዋል። ያሳለውን ብዙም አይጥለውም ብለው። እኔ ክረምቱን ስማዳ፣ ወገዳ ነበርሁ፤ ሳሉ አላገኘኝም። ስለዚህ ከታመመ ጀምሮ ከቤቱ ደፍ አልረገጥሁም።»

«የኅዳሩስ?»

«ነካ አድርጎኝ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ሳልተኛ አለፈኝ።»

ዳኛው ከአውድማው ዳር የተቆለለውን ነዶ አዩ። የማን አጨዳ እንደሆነ ጠየቁት። በኅዳር፣ ሰው ሁሉ ወድቆ ሳለ፣ ብቻውን ያጨደው መሆኑን በኩራት ነገራቸው።

በመጨረሻ ፈትለወርቅን ይዘው ግራዝማች የሞቱባትን ቤት ገቡ። ሕመምተኛ ለመለየት የተሠራች፣ ግድግዳዋ ነፋስ እንዳያስገባ በእበትና በጭቃ የተደፈነች ጠባብ ጎጆ ናት። ማታ ማታ ፈትለወርቅ በገል ፍም አምጥታ ወይራ ታጥናለች፤ ከዚያ ገሉን ይዛ ትወጣለች። የዚያን ዕለትም ይዛ ወጥታለች። ባላምባራስ የጠፍሩን አልጋ ገፋ አድርገው ሥሩን ሲያዩ ግን ወለሉ በክብ ተቃጥሏል። ከማጠኛው ገል የሚሰፋ፣ የትልቅ እንስራ ስባሪ ያረፈበት ክብ ነው። በበሩም ግርጌ ርጥብ ጭድ ተጠቅጥቆ ደርቋል።

«ዶሮዋ የት አለች?» አሉ ዳኛው።

ፈትለወርቅ ደነገጠች። ካቀረቀረች በኋላ ቀስ ብላ ተናገረች። የምታቅፈው ዶሮ እማድቤት ነበረች፤ ሽለምጥማጥ ስላስቸገረ የዚያን ዕለት ማታ፣ አጥና ስትወጣ፣ ካልጋው ሥር አስገባቻት። ጠዋት ስትገባ ዶሮዋ እንቁላሏ ላይ እንደተቀመጠች ደርቃለች፤ ጌታዋም ሞተዋል። ዶሮ አስገብታ ሕመም አባሰች እንዳይሏት ፈርታ፣ ሰው ሳትጠራ በፊት ዶሮዋን ከገደል ወረወረቻት። ለእመቤቷ እንኳ አልነገረችም።

በማግስቱ አውጫጭኙ ተሰበሰበ። ሰው እየተነጫነጨ ከመስኩ ተቀመጠ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ። የተቆራኙት ከመሃል ናቸው። ከሴቶቹ ወገን አንዷ፣ ገዳይዋ ታስራ ሳለ እኛ ምን አስቀመጠን ስትል ሁሉም ሰማት፤ የከለከላት የለም።

ባላምባራስ ተነሱ።

«በነሐሴ የመጣችውና በኅዳር የመጣችው ሳል እኅትማማቾች ናቸው» አሉ። «ታላቂቱ ገር ናት፤ ታናሺቱ ነፍሰ ገዳይ ናት። ግን ይተዋወቃሉ። በየቤታችሁ የጠየቅኋችሁ ይህን ለማወቅ ነው። በነሐሴ ያሳለ ሰው ኅዳር ሲመጣ ወይ አልታመመም፣ ወይ ጥቂት አስሎት ተነሳ፤ ፈንጣጣ የወጣለት ሰው ሁለተኛ እንደማይፈራው ነው። በነሐሴ ያላሳለው ግን ወይ ሞቷል፣ ወይ እንደ አዱኛ በምርኩዝ ይሄዳል። ግራዝማች በነሐሴ አስለዋል። በኅዳር ታመሙ፣ ዳኑም። ታናሺቱ የገደለችው ሬሳ ይጠቁራል፤ የእሳቸው ቀይ ነበር። እንግዲህ በሽታው አልገደላቸውም።»

«መርዝ ነዋ» አለ አዱኛ።

«መርዝ ካልጋ ሥር የተቀመጠች ዶሮ አይገድልም። ካንድ ገበታ አልበሉም።» የዶሮዋን ነገር ነገሯቸው። «በወጣትነቴ ዘመቻ ላይ ብርድ የጠናባቸው ወታደሮች ድንኳናቸውን ደፍነው ፍም ይዘው ተኙ። ጠዋት ሬሳቸውን ስናወጣ ከንፈራቸው እንደ ሙሽራ ቀይ ነበር። በዚያችም ጎጆ በሩን በጭድ ጠቅጥቆ፣ ካልጋው ሥር እንስራ ሙሉ ፍም ያስገባ፣ ሳይነጋም መልሶ ያወጣ ሰው አለ።»

ባላምባራስ በተቀመጠው ሰው እጆች ላይ ዓይናቸውን አዞሩ።

«ማን ነው? አዱኛ መቆም አይችልም ነበር። ወይዘሮ ሐረገ ወይንና ፈትለወርቅ መግባት ይችላሉ። ነገር ግን ሬሳው ሳይታጠብ ቢቀበር ቅላቱን ማንም አያይም ነበር፤ ይታጠብ ያለችው፣ ያየችውንም ያወራችው ሚስቲቱ ናት። ፈትለወርቅም ፍሙን ብታስገባ ኖሮ ዶሮዋን ከዚያ አታኖራትም። ደግሞ ዶሮዋ በዚያች ሌሊት ብቻ ካልጋው ሥር መሆኗን ከፈትለወርቅ በቀር ያወቀ የለም። ለእኔ ግን፣ ከደፉ አልረገጥሁም ያለኝ ሰው ስለ ዶሮዋ አስቀድሞ ነገረኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ አበጀ ዞረ።

«ሰምቼ ነው» አለ አበጀ። «እኔ እዚያ ቤት እንዴት ልገባ እችላለሁ? በነሐሴ አላሳልሁም።»

«ያላሳለ ሰው በኅዳር ብቻውን ማሳ አያጭድም» አሉ ዳኛው። «ይሁን፣ እንዲሁ የሚቀልለት ሰውም አይጠፋ ይሆናል። ስለዚህ ሚስትህን በመሐላ እጠይቃታለሁ። ውብነሽ፣ ባልሽ ከወገዳ ሲመለስ ምን ይዞት ነበር?»

ውብነሽ ነጠላዋን ካፏ ላይ ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት። ባሏን አላየችውም።

«እያሳለ ገባ» አለች። «እኔንም ያጋባኝ እሱ ነው። ኅዳሩ የቀለለን ለዚያ ነው።»

አበጀ ከተቀመጠበት ተነሳ። ለመሸሽ አይደለም፤ ተቀምጦ መናገር የከበደው ይመስላል።

«ከእሾሁ ወዲህ ቆሜ ወንድሜን ለመንሁት» አለ። «ልጄን አስገባልኝ አልሁት። ሕግ ነው አለኝ። ማሚቴ ማዶ ሆና ስትጠራኝ አመሸች፣ ከዚያ ዝም አለች። እሱ ሲያስለው ግን ማንም ከአጥር አላወጣውም፤ አልጋ ተነጠፈለት፣ ገንፎ ቀረበለት። ውሃ እንዳላቀብለው አላሳልሁም አልሁ። በሽታው ይገድለዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልገደለውም።»

«ይህችስ ሴት?» አሉ ባላምባራስ። «ደሟ ሲፈስ ዝም ልትል ነበር?»

«ለማሚቴ ማን ተናገረላት?» አለ አበጀ። «የዚህ መስክ ሰው ሁሉ ሲጠራኝ የነበረውን ድምፅ ሰምቷል።»

ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ዘበኞቹ የሐረገ ወይንን ሰንሰለት ፈቱ። ገዳይዋ ያለቻት ሴት መጥታ፣ እንኳን እግዜር አወጣሽ አለቻት። ሐረገ ወይን ልጇን ከፈትለወርቅ ተቀብላ ሴትዮዋን አለፈቻት። አዱኛ ምርኩዙን ተደግፎ ከፊቷ ቆመ። እሷ ግን አልጠበቀችውም።

አሁን ከሳሹ እሱ፣ ተከሳሹ አጎቱ ነው፤ እስከ ደብረ ታቦር ተቆራኝተው ይሄዳሉ። ዘበኛው ሰንሰለቱን ይዞ ወደ አዱኛ ቀኝ እጅ ሲጠጋ፣ ሐረገ ወይን ሳትዞር ቆመች።

«በግራው እሰሩት» አለች። «የቀኙ ቆስሏል።»

ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።