አንገቱ የዘመመው ቅል

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ አስፋልቱን ይዞ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሀዲያን በሶ ያውቃል። ካላወቀም ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ሀዲያ እንደዚያ ነው የምትለው። ገብሱን ራሷ ትለቅማለች፣ ራሷ ትቆላለች፣ ወፍጮ ቤትም ስትሄድ ዓይኗን ከወፍጮው ላይ አትነቅልም።

ባለወፍጮው፣ "እትዬ ሀዲያ፣ ተቀመጡ እንጂ። በሶው አያመልጥም" ይላታል።

"እሱ አያመልጥም፤ የሌላ ሰው ስንዴ ግን ሾልኮ ይገባል።"

እንዲህ ያለች ሴት ናት። በሶዋን ገበሬው ወደ ማሳው፣ ሹፌሩ ወደ መንገዱ ይዞት ይሄዳል። መስከረም ላይ ደግሞ ግሸን ማርያምን ሊሳለም የሚመጣው ሕዝብ ያንን ዳገት የሚወጣው ባብዛኛው በሷ በሶ ነው። ሀዲያ ሙስሊም ናት፤ እዚህ አገር ግን ክርስቲያኑ ከሙስሊም እጅ በሶ ቢጠጣ የሚገርመው ሰው የለም።

ችግሩ የመጣው ከከረጢቱ ነው። የሀዲያ በሶ የሚሸጠው እንደ ሌላው ሁሉ በነጭ ላስቲክ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ወረደና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ጥርሴን እኮ ሰበርሽው!" አላት። የያዘውን በሶ በመዳፏ አፍስሳ ብታየው አሸዋ አለበት። የሷ አይደለም። ከሷ በታች የተቀመጡት ሻጮች "የሀዲያ ነው" ብለው ነው የሸጡለት።

"ስሜን አሸዋ አሸክመው እየሸጡት ነው" አለች ለሰብለወንጌል። ሰብለወንጌል ጎረቤቷ ናት፤ አብራት ታበጥራለች፣ አብራት ትሸጣለች። "ምልክት አወጣለሁ። ሰው አይቶ ይለየኝ።"

ልክ ነበረች። ስህተቷ ከዚያ በኋላ ነው።

ውጫሌ ላይ ኢቲሳም የምትባል ልጅ የሕትመት ቤት አላት፤ ሙያውን ተምራ የመጣች ናት። ሀዲያ ፊቷ ተቀመጠች።

"ምን ይግባበት እትዬ?"

"ከላይ ቢስሚላህ ይሁን፣ በዐረብኛ። ከሥሩ የግሸን ማርያም ደጅ ከነመስቀሉ። ከጎኑ መስጊድ። ከፊት ሐይቁ ከነጀልባው። ገብስም ይኑር፤ ከዚያ የኔ ፎቶ።"

ኢቲሳም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጨረሱ?"

"ቆይ፣ የአምባሰልን ተራራ ረሳሁት።"

"እትዬ፣ ይኼ የበሶ ከረጢት ነው ወይስ የወረዳው ካርታ?"

"አትቀልጂብኝ!"

"ወላሂ አልቀለድኩም። አውቶብስ ውስጥ ያለ ሰው በመስኮት የሚያይዎት አንዴ ነው። በዚያች ቅጽበት ሰባት ነገር አይቶ አንዱንም አይዝም። አንድ ነገር ይምረጡ፣ የእርስዎ ብቻ የሆነ።"

"አንዱን አስገብቼ ሌላውን ብተው ሰው አይቀየመኝም? ወሎ ነን እኮ! ሁሉም የራሱን አይቶ ደስ ይበለው።"

"ማክበርዎ መልካም ነው። ግን የከበረ ነገር ሁሉ ከረጢት ላይ..."

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ገብስ ስቆላ አንቺ አልተወለድሽም። እንዳልኩሽ አድርጊ።"

ኢቲሳም እንዳለቻት አደረገች። ከረጢቱ ታትሞ ሲመጣ ከሩቅ ለሚያየው የቀለም ቆርቆሮ የተደፋበት ይመስል ነበር። ሀዲያ ግን ደረቷን ነፋች። ሰብለወንጌልም አገላብጣ አየችው፤ መስቀሉ ላይ ስትደርስ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ከዚያ "ያምራል" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መስከረም ገባ። ሁለቱ ሴቶች እንደ ልማዳቸው መኪናው ቆሞ የእግር መንገዱ ከሚጀምርበት ዘንድ ሸራቸውን ዘረጉ። ገበያው ደራ። ተሳላሚው በሶውን በውሃ ፕላስቲክ እየበጠበጠ፣ ከረጢቱን እየወረወረ ወደ ላይ ወጣ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ መንገዱ ጭቃ ነው።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት ከዳገቱ ወርደው ሀዲያ ፊት ቆሙ። እማማ ስህን ይባላሉ፤ በየዓመቱ የሚመጡ ደንበኛዋ ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ነፋስ የሚወስዳቸው ይመስላሉ።

"በሶሽ ጉልበቴን ይዞ አወጣኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። ግን ልጄ፣ ይቺን ነገር የት ልጣላት?"

ከነጠላቸው ሥር የታጠፉ ከረጢቶች አወጡ። የሀዲያ ከረጢቶች ናቸው፤ ጭቃቸው በውሃ ታጥቧል።

"ከየመንገዱ ለቀምኳቸው። የእመቤቴ ደጅ ጭቃ ላይ ተኝቶ እንዴት ተራምጄው ልለፍ? ከላይ ያለችውን ጽሑፍ ማንበብ አልችልም፤ የናንተ የአላህ ስም መሰለችኝ። እሷንም ሰው አይርገጣት ብዬ አነሳኋት።"

ሀዲያ ከረጢቶቹን በሁለት እጇ ተቀበለች። አንደኛው ላይ፣ ልክ ቢስሚላህ ከተጻፈበት፣ የጫማ ጥርስ ታትሟል። ውሃ አላስለቀቀውም። በሽርጧ ጫፍ ፈተገችው፤ አልለቀቀም።

ወሬው ቶሎ ተዳረሰ። ቀጥሎ የመጣው ተሳላሚ ሸራዋ ፊት ይቆምና፣ "በሶው የሀዲያ ነው፣ ይታወቃል። ባዶውን ከረጢት ግን የት እናደርገዋለን?" እያለ ያልፋል። አልፎም አሸዋ ካለበት ከነጩ ላስቲክ ይገዛል። ምልክት ያወጣችው እንዲለዩዋት ነበር። ለዩዋት፤ ለይተውም ሸሿት።

ያልተሸጠውን ሁሉ በሶ ተሸክመው ሲመለሱ ሀዲያ ሰብለወንጌል ላይ ዞረች።

"አይተሽዋል። ከመጀመሪያው ቀን አይተሽዋል! ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳትቀየሚኝ ብዬ። ለኛ ብለሽ፣ በፍቅር ያደረግሽው ነገር ነው።"

"እኔም እኮ እንዳትቀየሙ ብዬ ነው ያደረግኩት!"

ተያዩ። ሰብለወንጌል ሳቋ ቀደማት፤ ሀዲያ ልትቆጣ ነበር፣ እሷም ሳቀች። "እሰይ! ተከባብረን ተከባብረን ጭቃ ውስጥ ገባን" አለች።

እቤት ሲደርሱ የቀሩትን ከረጢቶች አንድ በአንድ እየቀደዱ፣ የአላህን ስምና መስቀሉን ለይተው፣ ንጹሕ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረው አቃጠሏቸው። ሀዲያም በሚቀጥለው ገበያ ኢቲሳም ዘንድ ሄደች። ይቅርታ መጠየቅ ስለማይሆንላት፣ "እሺ፣ አንድ ነገር ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ አምጪው" አለቻት።

ኢቲሳም ከሰል ሰጠቻት። "እኔ አላመጣውም፣ እርስዎ ጋ ነው ያለው። ስለ በሶ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚመጣልዎትን በአንድ ትንፋሽ ይሣሉት።"

"እኔ? ፊደል እንኳ በወጉ ያልቆጠርኩ?"

"ለዚህ ፊደል አይጠየቅም።"

ሀዲያ ከሰሉን ያዘች። በሶ የምትበጠብጥበትን ቅል ሣለች፤ እናቷም የበጠበጠችበትን። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ወደ ግራ የዘመመ።

"ማሻአላህ! አንገቱን ላቅናው?"

"እንዳትነኪው! የኔ ቅል አንገቱ ዘማማ ነው።"

ኢቲሳም ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። "ልክ ነዎት። ቀጥ ያለ ቅል ሁሉም ይሥለዋል። የዘመመው የእርስዎ ነው።"

በአንድ ቀለም ሠራችው፣ የተቆላ ገብስ በሚመስል። ግድግዳ ላይ ለጠፈችውና ሀዲያን ይዛ አስፋልቱን ተሻገረች፤ ከወዲያ ማዶ ቅሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። የአውራ ጣት ጥፍር አሳክላ አተመችው፤ ያኔም ቅል ነው። "እንግዲህ በከረጢቱም፣ በሸራውም፣ በሽርጡም ይቺው አንዷ ትሁን። አሁንም አሁንም አይቀይሯት" አለቻት።

"አንድ ይቀረናል" አለች ሀዲያ።

ወረቀቱን ከግድግዳው ነቀለችና መሬት ላይ አንጥፋ፣ በጫማዋ ቆመችበት። ልቧን አዳመጠች።

"አላመመኝም። አትሚው።"

እናንተ ማር የምትሸጡ፣ ዓሣ የምትጠብሱ፣ ጋቢ የምታሠሩ ወንድሞችና እህቶች! ለሥራችሁ ምልክት ስታወጡ የምትወዱትን ሁሉ አትጫኑበት። ምልክት እንደ ሰው ፊት ነው፤ አንድ ይበቃል፣ የራስ ይሁን። የሚያምንበት የሚሳለመውን ነገር የሸቀጥ ልብስ አታድርጉት፤ ሸቀጥ ያልቃል፣ ልብሱም መጣሉ አይቀርም። ወረቀቱ ላይ ሲያምር አይታችሁ አትርኩ፤ ባዶ ሆኖ መንገድ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አስቡ። ወዳጃችሁም ሲሳሳት እያያችሁ በይሉኝታ "ያምራል" አትበሉት።

መስከረም ዞሮ መጣ። ገና አውቶብሱ ሳይቆም በመስኮት፣ "ቅሏ! ቅሏ ያውና!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም ቀጥ ብሎ ወደ ሀዲያ ሸራ መጣ። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ "አንገተ ዘማማው የለም?" እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ከታች ያሉት ሻጮች ነጩን ላስቲክ ይዘው "የሀዲያ ነው" ቢሉ፣ "ቅሉ የታል ታዲያ?" የሚላቸው በዛ።

እማማ ስህንም ከዳገቱ ወርደው መጡ። ሀዲያ ወደ ነጠላቸው ሥር ተመለከተች። ያወጡት አንድ ባዶ ከረጢት ብቻ ነው። ግራና ቀኙን ቀደው ዘረጉት፣ እርጥቡ ሣር ላይ አነጠፉትና ቅሏ ላይ ደልደል ብለው ተቀመጡባት።

"ተመስገን" አሉ እግራቸውን ዘርግተው። "ዘንድሮስ ተቀመጥኩባት።"

"ይቀመጡባት እማማ!" አለች ሀዲያ፣ ሌላ በሶ ልትበጠብጥላቸው ቅሏን እያነሳች። አገሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ነበር ያለችው። "ይመችዎት! የኔ ናት!"