ያልተበላው ኮክ

የመሬት ቀያሹ ጊዲ ሽትራውስ ኮረብታው ላይ፣ በኮክ ዛፎች መካከል፣ ጭንቅላቱን በድንጋይ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ መጋዝና ከሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ነበር። ዙሪያውን የረገፈ ኮክ ይበሰብሳል። መርማሪ ኦርና ቢቶን ሬሳውን አይታ ምንም አልተሰማትም፤ አለመሰማቱ ብቻ ትንሽ አሳፈራት።

ጊዲ እሑድ ፍርድ ቤት ቀርቦ ኮረብታው መቼ እንደለማ ሊመሰክር ነበር። ሰፈሩን የመሠረቱት ኤልያሺቭ ዛፎቹን ከስምንት ዓመት በፊት ተከልኩ ብለው ምለዋል። ቃላቸው ከጸና የሰፈሩ ሰባት ተጎታች ቤቶች ይቆያሉ፤ ካልጸና ይነሳሉ። የታችኛው መንደር ሰው ናዲም ደግሞ መሬቱ የአባቴ ነው ብሎ ይሟገታል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነውና ካቴና ገብቶለታል።

ኦርና ናዲምን፣ ኤልያሺቭንና ሚስታቸውን ሲግሊትን በባልና ሚስቱ ቤት ሰብስባ አንድ ሳህን ኮክ አቀረበች።

«ከዛፎቹ ሥር የለቀምኩት ነው። ብሉ እንጂ።»

ናዲም በታሰረ እጁ አንስቶ ገመጠ። «የአባቴ መሬት ያበቀለው ነው፤ ምን ያሳፍረኛል?»

ባልና ሚስት አልነኩም።

«ጠግቤአለሁ» አሉ ኤልያሺቭ።

«እኔም አማኝ ቤት ነው ያደግሁት» አለች ኦርና። «በሕጋችን ዛፍ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ፍሬው አይበላም። እርስዎ ስምንት ብለው ማሉ፤ ፍሬውን ግን ሳይበሉ አበሰበሱት።»

«መዋሸት መግደል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ግን ጊዲ የዛፉን ዕድሜ ሊቆጥር የቆረጠው የግንድ ቁራጭ ጠፋ። ናዲም ቢያገኘው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር፤ ክርክሩን የሚያሸንፈው በእሱ ነው። ጊዲ ሲገደል ሲግሊት እህታቸው ቤት ነበሩ። እርስዎ በዚህ ሙቀት ምድጃ አነደዱ። ከአመዱ ውስጥ ግማሹን አገኘሁት፤ የዕድሜ ቀለበቶቹ ገና ሁለት ናቸው።»

ሲግሊት ባሏን ሳታይ ሳህኑን ገፋችው።

ኤልያሺቭ በመስኮቱ ወደ አንዲት ትንሽ መቃብር አዩ። «ልጄ እዚህ ነው ያለው። ሰፈሩ ከተነሳ እሱንም ቆፍረው ያወጡታል። ጊዲን ተው ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

«የአባቴም መቃብር አጥራችሁ ውስጥ ነው» አለ ናዲም በቀስታ። «ካየሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ኦርና ካቴናውን ከናዲም ፈትታ ወደ ኤልያሺቭ ዞረች። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ካቴናውን የኮኩ ጭማቂ ነክቶታል። ክልክል ነው፤ መጀመሪያ ጥረጊልኝ።»

ጠረገችላቸው። ያኔ ነው ሆዷ የባባው።