የሻሽወርቅና አዲሱ እግሯ

የሻሽወርቅ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ዘመኑ የደርግ ነበር። ቤታቸው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ነው። አባቷ ሕፃን ሳለች ዐርፈዋል። እናቷ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠሩ ነበር።

አንድ ክረምት ጉልበቷ አበጠ። ወድቄ ነው ብላ ዝም አለች። ሕመሙ ግን እንቅልፍ ነሣት። አዲስ አበባ ሄዳ ስትመረመር የአጥንት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ሕይወቷን ለማትረፍ እግሯን ከጭኗ ላይ ቆረጡት። መድኃኒቱም ፀጉሯን አረገፈው። በእግዚአብሔር ቸርነት ግን ዳነች።

አዘናችሁ አይደል፣ ልጆች? እሷም ብዙ አልቅሳለች።

ወደ ቤቷ ልትመለስ ስትል አንዱ ሐኪም እንዲህ ብለው አዘዟት። «ጧትና ማታ በደረትሽ ተኝተሽ የቀረውን ጭንሽን ወደ ኋላ አንሺ። አለዚያ ዳሌሽ ታጥፎ ይደርቃል። ሰው ሠራሽ እግር ሲመጣልሽ ቀጥ ብለሽ መቆም አትችዪም።»

መጀመሪያ ታዘዘች። ግን ያማል፤ ይሰለቻልም። እናቷ ሥራ ሲገቡ በመስኮት የልጆችን ጨዋታ እያየች መዋል ጀመረች።

እናቷ ሲመለሱ «ልጄ፣ ሠራሽ?» ይሏታል።

«አዎ እማዬ፣ ሠራሁ» ትላለች።

«ተባረኪ» ብለው ግንባሯን ይስሟታል። ያን ጊዜ ዐይኗን ትሰብራለች።

በበጋ አዲሱ እግር ተሠርቶ መጣ። ጎረቤታቸው ጋሼ አስናቀ ሊያለማምዷት መጡ። እሳቸውም በጦርነት እግራቸውን ያጡ ወታደር ነበሩ። እግሩን አስረው አቆሟት። የሻሽወርቅ ግን ጎብጣ ወደ ፊት ተደፋች። ደግመው አቆሟት፤ ደግማ ወደቀች።

እናቷ ተናደዱ። «ይህ እግር ሲሠራ ተበላሽቷል። ፈቃድ ጠይቄ አዲስ አበባ እመልሰዋለሁ። ሠሪውንም ፊት ለፊት እወቅሰዋለሁ።»

የሻሽወርቅ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

«እማዬ፣ ሰውየው አልበደለም» አለች እያለቀሰች። «ስለሚያመኝ እንደታዘዝሁት አልሠራሁም። ዋሸሁሽ። ይቅር በዪኝ።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ሲያምሽ ለምን አልነገርሽኝም? አብሬሽ እሆን ነበር እኮ» አሏት።

«አሁንም አልረፈደም» አሉ ጋሼ አስናቀ። «የደረቀው ቀስ በቀስ ይፈታል። አንቺ ብቻ አትሰልቺ።»

የሻሽወርቅ ከዚያ ወዲያ በትጋት ሠራች። ሲያማት «አመመኝ» አለች እንጂ አልዋሸችም። ዳሌዋ ሲፈታላት የጋሼ አስናቀን ክንድ ይዛ በሐይቁ ዳር መራመድ ጀመረች። እየወደቀች ተነሣች። ቁመቷ ሲጨምር እግሩ አጠረባት። ሌላ ተሠራላትና እንደ አዲስ ተለማመደች። ዓመታት ፈጀ።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሊነበብ ሕዝቡ ሁሉ ቆመ። ከታመመች ወዲህ ተቀምጣ ታዳምጥ የነበረችው የሻሽወርቅም ከእናቷ ጎን ቀጥ ብላ ቆመች። ንባቡ እስኪያበቃ አልተቀመጠችም።

«ጌታዬ፣ ላቆምኸኝ ለአንተ ምስጋና ይሁን» አለች በለሆሳስ። እናቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው የደስታ እንባ አለቀሱ።

ልጆቼ፣ ውሸት የሚዋሸውን ራሱን ይጎዳል፤ ጥፋቱን ተናዝዞ በትዕግሥት የሚተጋውን ግን እግዚአብሔር ያበረታዋል።