በቀብር ቀን የቀዘቀዘው በርሜል

የአሥራ አራት ሴቶች ቦሎቄ በሦስት ቀን ውስጥ ተቃጠለ። እሳት አልነካውም። ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ነጥቶ ደረቀ፣ አበባው ረገፈ። ሁሉም የረጩት ከአንድ በርሜል የተቀዳ የዚዮኔን የትል ውሃ ነበር።

ዚዮኔ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ትሎቿን እበትና የሙዝ ልጣጭ ታበላለች፤ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በበርሜል ታጠራቅማለች። በአሥር እጥፍ ውሃ በርዘው ሲረጩት ቦሎቄው ይፋፋል። ሁለት ዓመት ሲያሞግሷት የከረሙ ሴቶች ዛሬ ደጇ ላይ ተሰብስበው ይሰድቧታል።

የመንደሩ ሹም ፈርደዋል። እስከ ማታ ንጹሕ መሆኗ ካልታወቀ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከመንደሩ ትወጣለች። መሬቷም ወደ ጎሣው ይመለሳል።

የፖሊስ ኢንስፔክተር ኔሊያ ምባዋ ከሞተር ሳይክሏ ወረደች።

«መርዘኛ!» ጮኸች አንዷ።

«ዝም በሉ! የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

በመጀመሪያ የማዳበሪያ ነጋዴውን ፋኒዞን ጠራችው። እሱም ጥላቻውን አልደበቀም።

«ገበያዬን የዘጋችው እሷ ናት። ዩሪያ የሚገዛኝ ጠፋ። ብትባረር ደስታዬ ነው!»

«በርሜሉ ውስጥ ምን ጨመርክ?»

«ምን በወጣኝ! ማክሰኞ ቀብር ነበር። ሬሳ ሣጥን ተሸካሚ ነበርኩ። ትከሻዬን እይው፣ እንዳበጠ ነው።»

እውነቱን ነው። በቀብር ቀን እርሻ አይነካም፣ መንደሩ በሙሉ መቃብር ይወርዳል። ሴቶቹ ውሃውን የቀዱት ከቀብር መልስ ነው፣ በማግስቱ ሊረጩት።

«መጀመሪያ የቀዳችው ማናት?»

ኤሌስታ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ነኝ። እጄን ሳስገባ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ፣ በዚያ ፀሐይ! ጠንቋይ መሆኗን ያኔውኑ ማወቅ ነበረብኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ኔሊያ ወደ ዚዮኔ ዞረች። «ጠዋትስ?»

«ወደ ቀብር ስሄድ አማስዬዋለሁ። እንደ ወትሮው ነበር።»

ኔሊያ ከፋኒዞ ሱቅ ዩሪያ አስመጣች። ባልዲ ውሃ ውስጥ ደፍታ አማሰለች።

«ኤሌስታ፣ እጅሽን አግቢ።»

ኤሌስታ እጇን መንጭቃ አወጣች። «ይሄው! ይሄው ቅዝቃዜ ነው!»

«ዩሪያ ሲሟሟ ውሃ ያቀዘቅዛል። ሲበዛ ደግሞ ቅጠል ያቃጥላል። ጠዋት ተጨምሮ ቢሆን ፀሐዩ ያሞቀው ነበር። የጨመረው ሰው የመጣው እናንተ መቃብር ላይ ሳላችሁ ነው። ከቀብሩ ማን ጎደለ?»

ከሹሙ ጎን የተቀመጠው ጌልሰን ጉሮሮውን ጠረገ። የዚዮኔ እናት ወንድም ነው፤ የጎሣውን መሬት የሚያከፋፍለውም እሱ ነው።

«ሁላችንም ነበርን» አለ።

ፋኒዞ ሳቀ። «እርስዎማ አልነበሩም! አፈር ከመመለሱ በፊት የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ሣጥኑን ተሸክመን በፀሐይ ስንጠብቅዎት ቆየን። ትከሻዬ በማን ያበጠ ይመስልዎታል?»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው!»

«ዚዮኔን አልወዳትም። ለእርስዎ ብዬ ግን አልዋሽም።»

ኔሊያ የላከቻቸው ፖሊሶች ከጌልሰን አልጋ ሥር የተጠቀለለ የዩሪያ ጆንያ አመጡ። ከትል ውሃው የተፈናጠረ ጥቁር እድፍ ነበረበት።

ሽማግሌው ገነፈለ። «የወንዙ ዳር መሬቷ ለትምባሆ የተፈጠረ ነው! ስለምናት ለቦሎቄዬ አለችኝ። መሬት የማከፋፍለው እኔ ነኝ ወይስ ትሎቿ?»

ዚዮኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «እኔን ለማባረር የአሥራ አራት ቤት ጉሮሮ ዘጋህ?»

በካቴና ወሰዱት። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ኤሌስታ ጄሪካኗን አንጠልጥላ ቀረበች።

«እህቴ… እንደገና ለመዝራት ጊዜው አላለፈም። ትሰጪናለሽ?»

ዚዮኔ የትሎቹን ሣጥን ከፈተች። ይርመሰመሳሉ፣ አንድም የሞተ የለም።

«እሰጣችኋለሁ። ቦሎቄው ምን አጠፋ?» ጄሪካኑን ተቀበለቻት። «አንቺ ግን እዚያው ደጅ ቁሚ። ጠንቋይ ቤት አይገባም።»