ቡሬ ከነጠፈች በኋላ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም... ሕልምም አይደለም።

«ፀሐይ መትቷት ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። አዋቂ ነኝ ባይ ለምጄአለሁ፤ ከዶክተር ወንድምአገኝ ግን አትበልጡም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነው። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ከነቀምቴ ወጣ ብሎ፣ ጉቴ አጠገብ ያለ የከብት ምርምር በረት።

ንጋት እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ እዚያ ተመድቤ ነበር።

ወንድምአገኝ አለቃዬ ነው። ፊት ለፊቱ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አልለውም።

የከብቶችን ጠባይና ደኅንነት ያጠናል። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ቆሞ «ላም ስሜት አላት» ሲል ሰው ያጨበጭብለታል። በረት ሲገባ ግን አፍንጫውን በመሐረብ ይይዛል። ዓይኑ ላሞቹ ላይ ሳይሆን ጫማው ላይ ነው፤ እበት እንዳይነካው።

ጥናቱ እንዲህ ነው። ጥጃውን ከእናቱ ይለያል። ሲጮኽ ድምፁን ይቀዳል። ከዚያ ድምፁን በማጉያ ለእናትየው ያሰማትና የምትሆነውን ቁጭ ብሎ ያያል።

ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን ያስፈልጋል አሉ።

ቡሬ የምትባል ላም ነበረችን። ጥጃዋን ለይቶ ለብቻው ዘጋበት። ጥጃው ታመመ። ሳንባው ነበር... ትንፋሹ ከግቢው በር ይሰማል።

«መድኃኒት ልስጠው» አልኩ።

«አትንኪው። ጥናቱ ይበላሻል።»

«ይሞታል እኮ፣ ዶክተር።»

«እየቀዳሁ ነው። ዝም በይ፤ ድምፅሽ ይገባል።»

የመድኃኒቱን ቁምሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ጥጃው እየጮኸ ሞተ።

ወንድምአገኝ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ፈገግ አለ። «እንዲህ ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ አግኝቼ አላውቅም» አለኝ።

እንዲህ ያለውም ሰው ይባላል።

ቡሬ ወዲያው ነጠፈች። ጡቷ ተሸብሽቦ ቀረ።

ከሳምንታት በኋላ ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ወንድምአገኝ ፊታቸው ሊታይ ፈልጓል። ቀድሞ መለማመድ አማረው። ስድስት ሰዓት ላይ ከብት ጠባቂው ኦቦ ቀነአ ላሞቹን በረት አስገቡ።

የሞተውን ጥጃ ድምፅ ከፈተው።

ማጉያው የተሰቀለው በበሩ በኩል ነው። ላሞቹ ሁልጊዜ ወደዚያ ይዞራሉ።

ያን ቀን አልዞሩም።

መጀመሪያ ማመስኳት አቆሙ። ሁሉም... አንድ ላይ።

ከዚያ ጭራቸው ቆመ። ዝንብ ዓይናቸው ላይ ሲያርፍ እንኳ አያባርሩም።

ከዚያ ወደ ወንድምአገኝ ዞሩ።

ፊቱን አይደለም የሚያዩት። ከጉልበቱ አጠገብ ያለውን... ባዶ ቦታ ነው።

«ምን ሆነው ነው? ቀነአ፣ አዙራቸው።»

ኦቦ ቀነአ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ዲሲ...» አሉ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ። «ይተዉት፣ ዶክተር። ድምፁን ያጥፉት።»

ወንድምአገኝ ሳቀ። «ዕድሜህን ሙሉ ከብት ጠብቀህ ከብት ትፈራለህ?»

ድምፁን ግን አጠፋው። ጸጥ አለ።

በጸጥታው መሐል ቡሬ አፏን ሳትከፍት... «እም... እም...» አለች።

ላም ይህን ድምፅ የምታሰማው ገና ለወለደችው ጥጃዋ ነው። እየላሰችው።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከጡቷ ወተት ይንጠባጠባል።

ከዚያ ከነጠፈው ጡቷ።

«ኦቦ ቀነአ...»

«አይቻለሁ። ወደ በሩ ሂጂ። ቀስ ብለሽ።»

የላሞቹ ራስ በአንድነት ወደ ግራ ሄደ። ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ተመለሰ። በወንድምአገኝ ዙሪያ አንድ ነገር እየዞረ ነው... በዓይናቸው ይከተሉታል።

እኔ የማየው ጭድ ብቻ ነው።

ወንድምአገኝ ሳቁን አልጨረሰም። ቀኝ እጁን ቁልቁል አየ።

ሊያነሳው ሞከረ። አልተነሳለትም።

ክንዱ ተወጠረ... ላላ። ተወጠረ... ላላ።

«ንጋት» አለኝ። ድምፁ ቀጭን ሆኗል። «እየሳበኝ ነው።»

«ምኑ?»

ጣቶቹ እያየኋቸው ረጠቡ። ከሚጠባ ጥጃ አፍ እንደሚወርደው ያለ አረፋማ ለሃጭ ከጣቶቹ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይወርዳል።

እንደ ምንም እጁን አላቆ ወጣ። አልሮጠም። መሮጥ የፈራ ይመስል ነበር። ላሞቹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን እያዩ ሸኙት።

ተጸጸተ ብላችሁ ከሆነ አታውቁትም።

በነጋታው እንግዶቹ ፊት ቆሞ «ውጤቱ አመርቂ ነው» አለ። ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደብቋል። ትከሻው በየመሐሉ ወደ ታች ይሳባል። ማንም ልብ አላለውም። አጨበጨቡለት። አንዱማ «ለእንስሳት መራራትን ስላስተማሩን» ብሎ አመሰገነው።

እኔ ሥራውን ለቅቄ ነቀምቴ ገባሁ።

በቅርቡ እዚያው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ አየሁት። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። ከገበያ የሚመለሱ ከብቶች አስፋልቱን ሞልተውታል። ከወዲያ በኩል ወንድምአገኝ ይመጣል። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል። የሚራመደው ቀስ እያለ ነው... ትንሽ ልጅ እንደሚያስከትል ሰው።

ከብቶቹ ቆሙ። ነጂዎቹ ቢመቷቸውም አልሄዱም።

መንገድ ከፈቱለት። አለፈ።

ካለፈ በኋላ ግን መንገዱን አልዘጉትም። ክፍተቱን ትተው... ጠበቁ።

አይቻት የማላውቅ አንዲት ጥቁር ላም አንገቷን ወደ ክፍተቱ ዘረጋች። ምላሷን አውጥታ ባዶውን አየር ትልስ ጀመር።

ቀስ ብላ... ከግንባሩ እስከ ጀርባው።