የሚታጠፈው አልጋ

አልጋው ከግድግዳው ሲወርድ ሬሳው አብሮ ወረደ። ያወረደችው ሚስቱ ናት። ባሏን ፍለጋ መጥታ፣ ክፍሉ ባዶ መስሏት፣ እስኪመጣ አረፍ ልበል ብላ ነው የሳበችው። እንዲህ ያለውንስ ለጠላትም አይስጥ፣ ልጆቼ።

ሟቹ አርክቴክት ነበር፤ ጠባቡን ቤት አስፍቶ ሰው የሚያኖር። አንድ ክፍል ስጡት፣ ሳሎንም መኝታም ማድቤትም ያወጣበታል። ጠረጴዛው ከግድግዳ ይዘረጋል፣ የደረጃው ሆድ መሳቢያ ይሆናል፣ አልጋው ቀን ቀን ቆሞ ይውላል። ደግሞ የነደፈውን ቤት ራሱ ሳይኖርበት ለሰው አያስረክብም። የሞተውም በነደፈው አዲስ ሕንጻ፣ ለናሙና በተሠራው ክፍል ውስጥ እየኖረ ሳለ ነው።

በማግስቱ መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭንም ናት፣ ትወጋለችም።

«አልጋው ነው የገደለው፣» አላት ሳጅኑ። «ተኝቶ ሳለ ሞላው ተስፈንጥሮ ታጠፈበት። ሐኪሙም ታፍኖ ነው የሞተው ብሏል። የሠራውን አናጢ ይዘነዋል።»

አናጢው የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ነው። በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል።

«የኔ አልጋ ሰው አይበላም፣ እመቤቴ፣» አላት ቀና ሳይል። «ግን ማን ይሰማኛል? ሚስቱ እንኳ ዓይኔን ማየት ጠልታለች። ከእስር ብወጣስ ማን ሥራ ይሰጠኛል?»

መርፌ ወደ ክፍሉ ገብታ ጫማዋን አወለቀችና ሟቹ በተኛበት ተጋደመች። ሳጅኑ ደነገጠ።

«በል እጠፈኝ፣» አለችው።

«ኧረ ይተዉኝ፣ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አሉኝ። አንሳ።»

በትከሻው ደግፎ፣ ላብ እያጠመቀው አነሳት። ገና ሲለቀው አልጋው ይዟት ተመልሶ ወረደ።

መርፌ ተነስታ ሚስቲቱን ጠራቻት። «አልጋውን ስታወርጂ ከላይ ያለው መቀርቀሪያ ተዘግቶ ነበር?»

«አዎ። ከፍቼ ነው የሳብኩት።»

«አየህ ሳጅን፣ ሞላ ሰው ያፍን ይሆናል፤ መቀርቀሪያ ግን አይቀረቅርም።»

ከዚያ አልጋውን አስነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። አንድ ጃኬት ብቻውን ተሰቅሎ ነበር።

«የባልሽ ነው?»

«የሱ ነው። ማን ሰቀለው ግን? ለሰው ሁሉ መስቀያ ሲያበጅ የኖረ ሰው፣ የራሱን ጃኬት አንድ ቀን ሰቅሎ አያውቅም። መስቀያው ወለሉ ነው።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው። «ምሳ ላደርስለት ስመጣ ብርድ ልብሱ እያለ ይህንኑ ደርቦ ያንኮራፋ ነበር። እንዳልቀሰቅሰው ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ።»

ቀጥሎ የመጣው የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሕንጻው ባለቤት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሹን ያሳደገው እሱ ነው። ደንዳና ትከሻው በሩን ሞላው።

«ከምሳ በኋላ መጥቼ ነበር፣» አለ። «ተኝቷል። ጃኬቱ መሬት ወድቆ ባየው አንስቼ ሰቀልኩለትና ወጣሁ።»

«አልነቃም?»

«ንቅንቅም አላለ። አልጋው ላይ እንደተዘረጋ ትቼው ሄድኩ።»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ወንድማማች መቼ ሳይጋጭ ይኖራል? እኔ በየፎቁ ተጨማሪ ቤት ይውጣ አልኩ። እሱ መስኮት በሌለው ቤት ላይ አልፈርምም አለ። ይኸው ነው።»

መርፌ አራቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለሕንጻው ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆሟል፤ ሌሎቹ በበሩ በኩል። አልጋውን በመሃላቸው አወረደችው።

«እባክዎ ቁም ሳጥኑን ይክፈቱልኝ፣» አለችው።

ሳበው። በሩ የአልጋውን ጠርዝ መትቶ ቆመ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አልሰጠም። እንደገና ሳበ።

«አይድከሙ፣» አለችው በዝግታ። «ወንድምዎ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ እንዲህ ነደፈው። አልጋው ሲወርድ ቁም ሳጥኑ አይከፈትም። እዚህ ያደረ ሰው በመጀመሪያው ማታ ይገባዋል። እርስዎ ግን ቤት ያሠራሉ እንጂ አይኖሩበትም። እንግዲህ ያዙልኝ፤ ምሳ ላይ ጃኬቱ ሟቹ ላይ ነበር። ኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። እርስዎ ደግሞ ሳይነቃ የሰቀልኩት እኔ ነኝ አሉ። አልጋው ሳይነሳ አይሰቀልም። ስለዚህ ጃኬቱን ሲሰቅሉ አልጋው ቆሞ ነበር፤ ወንድምዎም ውስጡ።»

ባለሕንጻው የቁም ሳጥኑን እጀታ እንደያዘ ቀረ።

«ቀስቅሼው ፈርም አልኩት፣» አለ በመጨረሻ። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ 'አንተ መስኮት በሌለበት እደር፣ ያኔ እፈርማለሁ' አለኝ። ትራሱን... ከዚያ አልጋውን ሳነሳው ጃኬቱ ወደቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ ልብሱን ከመሬት የማነሳለት እኔ ነበርኩ። ሳላስበው ነው እጄ የሰቀለው።»

«ጋሼ፣» አለች ሚስቲቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት አቅፈውኝ አልቅሰዋል።»

ባለሕንጻው እጀታውን ለቀቀ።

መርፌ ካቴናውን ከአናጢው እጅ ፈትታ፣ በአልጋው ላይ ተንጠራርታ ባለሕንጻው እጅ ላይ አሰረችው። ግን መውጫ የለም፤ አልጋው መንገዱን ዘግቶታል። ሳጅኑ እንጨቱን ሊነካ አልወደደም። ሚስቲቱም ፊቷን አዞረች።

አናጢው የእጁን አንጓ እያሻሸ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ያዘና አልጋውን አነሳው፣ መቀርቀሪያውንም ዘጋ። ገዳዩ በፊቱ ሲያልፍ ዓይኑን ከእንጨቱ ላይ አልነቀለም።

ባዶውን አልጋ ለማንሳት አንድ እጅ በቅቶት ነበር።